የአንድ ሜትር ስፋት
(በአባቴ ሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር)

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ ከሐረርና ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ እንደምን ዋላችሁ? ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁልን በእናቴ፣ በወንድሞቼና በእህቶቼ ስም አመሰግናለሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ፈቃድ እጠይቃለሁ። በጉባኤ ፊት ስለ አባት ሲነገር «እርሳቸው» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ። በዚህች ከተማ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፤ አባቴንም ከልጅነቴ አንሥቶ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት «አንተ» እያልሁ ነው የኖርሁት። ዛሬ «እርሳቸው» ብል ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስለኛል። ስለዚህ በለመድሁት አንደበት እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ከፍቅርም ቁጠሩልኝ።

አባቴ በ1924 ዓ.ም. ተወልዶ በ2016 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ዐረፈ። 38 ዓመት ባቡር ላይ ሠራ፤ 37 ዓመት በጡረታ ኖረ፤ 68 ዓመት ከእናቴ ጋር በትዳር ቆየ፤ ስድስት ልጆች አሳደገ። ስለ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱና ስለ መጨረሻ ዘመኑ። ሦስቱም ውስጥ ያለች አንዲት ዕቃ ደግሞ ይዤ መጥቻለሁ።

ይህችን ተመልከቱ። ተጣጥፋ ኪስ የምትገባ የእንጨት ሜትር ናት። ቢጫ ቀለሟ ከዳር ዳሯ ለቅቋል። ከ30 እስከ 40 ያሉት ቁጥሮች በአውራ ጣቱ ተሽተው ጠፍተዋል። አንዷ መታጠፊያ ተሰብራበት ስለነበር በገዛ እጁ የናስ ችንካር መትቶላታል፤ እዚህ ጋ ይታያል። ስትዘረጋ ልክ አንድ ሜትር ናት። አንድ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከፊት የተቀመጣችሁት አባቶች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በአሮጌው መስመራችን ላይ ከአንዱ ሃዲድ እስከ ሌላው ሃዲድ ያለው ስፋት ነው። አባቴ ይህችን ሜትር በሁለቱ ሃዲዶች መካከል አጋድሞ ሲለካ ነው የኖረው። ከሥራ ሲመለስ ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ከሬዲዮው ጎን ያስቀምጣታል። እኛም ሜትሯ በቦታዋ ካለች አባባ ቤት እንደገባ እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ከሥራው ልጀምር። ስለ ሥራው ለመናገር ግን ስለ ከተማችን መናገር የግድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥሪያውን ፈቃድ ሲሰጡ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። የሃዲዱ ዝርጋታ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ። ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐረር ከእኛ ሜዳ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተራራ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ያንን ዳገት ባቡር ማስወጣት ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ እሷም ድሬዳዋ ሆነች። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ።

አባቴ ይህንን ታሪክ ሲያወራ «እኛን የወለደን ዳገት ነው» ይል ነበር። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ያ ዳገት ባይኖር ዛሬ በዚህ አዳራሽ ማን ይቀመጥ ነበር? ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ሁሉ በአንድ ከተማ የተገናኘው ባቡሩ እዚህ ስለቆመ አይደለምን?

አባቴ ሹሜንደፈር፣ ማለትም ምድር ባቡር፣ የገባው በ1941 ዓ.ም.፣ በ17 ዓመቱ፣ በለማጅነት ነው። ያኔ ሥራው ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር፤ መሣሪያውም፣ ደብተሩም፣ ተግሣጹም። የመጀመሪያ ሥራው በአንድ ሽማግሌ ፎርማን ሥር ሆኖ ረዥም እጀታ ባለው መዶሻ የፉርጎ ጎማ እየመታ ማዳመጥ ነበር። የባቡር ጎማ ብረት ነው። ጤነኛው ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁም ይቆያል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ወዲያው ዝም ይላል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ግራሶና አቧራ ይሸፍነዋል፤ በጆሮ ግን ይታወቃል። ፎርማኑ ለስድስት ወር ሌላ ምንም አላስነካውም። «መጀመሪያ ስማ» ይለው ነበር።

እዚህ ላይ ከጉዳዬ ጥቂት ወጣ ልበል። አባቴ ይህንን ጥበብ በኩራት ለእናቴ የነገራት በተጋቡ በሳምንቱ ነው። እናቴ ሰምታው ሰምታው ምን እንዳለችው ታውቃላችሁ? «ታዲያ ይኸ ምኑ ያስደንቃል? ምጣድም እንዲሁ ነው የሚገዛው» አለችው። በማግሥቱ ቀፊራ ገበያ ይዛው ሄደች። ምጣድ ሻጮቹ ዘንድ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ምጣድ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች አሰማችው። ይኼኛው ጤነኛ ነው፤ ይኼኛው እሳት ሲነካው ይከፈላል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህንን ሲናገር እንደ አዲስ ይገረም ነበር። ለማጆቹን ሲያስተምርም «ይህንን ሞያ ከሁለት ሰው ተማርሁት፤ ከፎርማኔና ከባለቤቴ» ይላቸው ነበር። ከፊት ከተቀመጣችሁት መካከል ይህንን ከአፉ የሰማችሁ አላችሁ፤ ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ።

ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ ኢንጂነር ሆኖም ተመለሰ። የሄደው እናቴንና ሁለት ሕፃናትን ትቶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹን እናቴ እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ እኔም አንብቤአቸዋለሁ። የፍቅር ቃል ብዙ የለባቸውም። በምትኩ ሥዕል አለባቸው። የሚያፈስሰው የቤታችን ቆርቆሮ ክዳን በየት በኩል እንደሚጠገን፣ የልጁ አልጋ እግር ሲወላገድ ምን ዓይነት ቡሎንና ዳዶ እንደሚያስፈልገው፣ የውኃው በርሜል ከየትኛው ግድግዳ ጥላ ሥር ቢሆን ቀዝቅዞ እንደሚውል፣ ሁሉንም ከነልኩ እየሣለ ይልክ ነበር። እናቴ ስንት ጊዜ አነበበቻቸው? መታጠፊያቸው ሁሉ ተበጥሷል።

አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመቴ ገደማ ሆኖ፣ በሺንሌ በኩል መስመር ሊያይ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ገና ሳይነጋ ነበር የደረስነው። ሁለት ሃዲዶች በሚገናኙበት ቦታ አስቀመጠኝና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አሳየኝ። ኪሱ ውስጥ ካለው እርሳስ ጥቂት የሚጠብ ክፍተት ነበር። «ተበላሽቷል?» አልሁት። «ቆይ» አለኝ። ወደ ቀትር ስንመለስ ሃዲዱ እጅ አያስነካም ነበር፤ ክፍተቱም ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ያኔ ነው የነገረኝ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 12 ሜትር የሆነ ሃዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ክፍተቱ ካልተተወለት የሚሄድበት ስለሚያጣ ይጣመማል፤ በተጣመመ ሃዲድ ላይ ደግሞ ባቡር አይሄድም። «ባቡር ሲሄድ ጠቅ ጠቅ የሚለው ለዚህ ነው» አለኝ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ የሆንሁት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንሁም።

ስለ 1969 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ አልናገርም። ድልድዮቻችን ፈረሱ፤ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ፤ በነሐሴም ጦርነቱ ከተማችን ደጃፍ ደረሰ። አባቴ እኛን ወደ ሐረር ልኮ እሱ እዚሁ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ድልድይ ሲጠግን ከርሞ ከመጣ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ ስለ ድልድዮቹ ብቻ ነበር የሚያወራው።

ስለ ጥር 1977 ዓ.ም. ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አዋሽ አጠገብ ባቡሩ በኩርባ ላይ ከሃዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ከእናንተ መካከል ዘመድ ያጣችሁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። አባቴ ከዚያ ሲመለስ ሁለት ሳምንት አልተናገረም። ከዚያም አንድ ምሽት ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ባልዲ ግማሽ ድረስ ውኃ ሞላና በክንዱ ያወዛውዘው፣ ክብ ያዞረው ጀመር። ቀስ ሲል ባልዲው ቀለለው፤ ሲያፈጥነው እጁን ይገነጥለው ጀመር። «ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ የሚገፋው ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው» አለን። «አራት እጥፍ!» ብሎ ደገመው። ውኃው እግሩ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ያንን ባልዲ እየያዘ በየለማጁ ፊት ያዞረው እንደነበር አብረውት የሠሩት ነግረውኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልግባ፤ ወደ ቤቱ።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። አባት ማለት ግማሹን ወር መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። እኔ ስወለድ አባቴ አፍደም ነበር። እናቴ ምጥ ሲይዛት ጎረቤታችን ሮጠው ባቡር ጣቢያ ሄደው ነገሩ። ከድሬ ወደ ኤረር፣ ከኤረር ወደ ቀጣዩ፣ ጣቢያ ለጣቢያ በስልክ ተላለፈ። አፍደም ሲደርስ የጣቢያው ኃላፊ ወጥቶ «ሴት ናት፤ እናትየው ደኅና ናት» ብሎ ከሩቅ ጮኸለት። ስለዚህ የእኔን መወለድ ከአባቴ በፊት በመስመሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አባቴ ይህንን ሲያነሣ «ልጄ ገና ሳላያት በስንት ሰው አፍ አለፈች» እያለ ይደሰት ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ መራቅ ሳይጎዳን ቀረ? ቀረ ብዬ አልዋሽም። የትምህርት ቤት በዓል ያልመጣበት፣ የታመምንበት ሌሊት የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። እናቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመሄድ ትሳላለች፤ እሱ ግን ምእመናኑን የሚያመጡት ባቡሮች የሚበዙበት ሳምንት ስለሆነ ከዴፖው አይወጣም። ገብርኤልን ለማክበር ስንቱን ሕዝብ ድሬ ያደረሰው ሰው ራሱ ደንገጎን ወጥቶ ቁልቢን የተሳለመው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ56 ዓመቱ ነው። እናቴ ያን ቀን ክንዱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አልለቀቀችውም።

ነገር ግን ቤት ሲሆን ሙሉ በሙሉ ቤት ነበር። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ እማርበት በነበረው ትምህርት ቤት በሒሳብ ፈተና ከጎኔ ካለችው ልጅ ቀድተሻል ተብዬ ዜሮ ተሰጠኝ። አልቀዳሁም ነበር። ወላጅ አምጪ ተባልሁ። ያን ጊዜ የብዙ ጓደኞቼ አባቶች ቢሆኑ መጀመሪያ አርጩሜ፣ ቀጥሎ ጥያቄ ነበር የሚያስከትሉት። አባቴ ሌሊቱን ከመንገድ ገብቶ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለኝ። ነገርሁት። መሐል ላይ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ «እንደገና ንገሪኝ» አለኝ። እንደገና ነገርሁት። ሁለተኛውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ «ጤነኛ ነው» አለ። ይህችን ብቻ። ትርጉሙ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄዶ መምህሩን ሳይጣላ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ «ሌላ ጥያቄ ስጧትና እዚሁ ፊታችን ትሥራው» አለ። ሠራሁት። ሲጨርሱ አመስግኗቸው ወጣና በመንገድ ላይ አይስክሬም ገዛልኝ።

እንዲህ ያለ አባት ነበር። ስድስታችንም አንድ አንድ እንዲህ ያለ ታሪክ አለን፤ ታናሽ ወንድሜ ያለውን ቢነግራችሁ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛው የመጨረሻ ዘመኑ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ፣ ከ250 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ፣ አባቴ 74 ዓመቱ ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ የሚሞላው በእኛ ሰማይ ሳይሆን በተራራው ላይ ሲዘንብ ነው። አባቴ ድምፁን ሰምቶ ተነሣ፤ በቢጃማው ወጥቶም የጎረቤት በር እየመታ ቀሰቀሰ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ 14 ሰው ለሳምንታት ኖሯል። ከእነዚያ መካከል ዛሬ እዚህ ያላችሁ አላችሁ። እሱ ምስጋና ስለማይወድ ከዚህ በላይ አልናገርም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ 85 ዓመት ሊሞላው ነበር። «ውሰዱኝ» አለ። ከከተማው ውጭ ወዳለው አዲስ ጣቢያ ወሰድነው። ለረዥም ጊዜ ቆሞ ሃዲዱን አየ። ከዚያ ይህችን ሜትር ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ ማለት ስለማይችል እኔ ተቀብዬ ሃዲዱ መካከል አጋደምኋት። አልደረሰችም። በጣቴ ይዤ ቀሪውን ለካሁ፤ 43 ሳንቲም ሜትር ተኩል ሆነ። አሮጌው አንድ ሜትር፣ አዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነውና። ያዝናል ብዬ ፊቱን አየሁት። እሱ ግን «ሰፊ ነው፤ ደኅና ተቀምጦ ይሄዳል» አለና ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በመመለሻችን ከዚራ ሰፈር ላይ መኪናውን አስቁሞ በአሮጌው ጣቢያ በር ፊት ጥቂት ቆመ። ምንም አልተናገረም።

የመጨረሻውን ነግሬአችሁ ልጨርስ። በ2003 ዓ.ም. እናቴ በግላኮማ የዓይኗን ብርሃን አጣች። እኛ ልጆች ተሰብስበን ሠራተኛ እንቀጥር፣ ወደ አንዳችን ቤት ትሂድ እያልን ስንነጋገር አባቴ አልሰማንም። ሜትሯን ይዞ ከእናቴ ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር። ርምጃዋን እየለካ ነበር። በሳምንቱ ከውኃ ቱቦ የተሠራ መደገፊያ ከመኝታ ቤታችን በር ተነሥቶ፣ በረንዳውን ይዞ፣ ማድ ቤቱን አልፎ እስከ ውኃው ቧንቧ ደረሰ። በ79 ዓመቱ ራሱ በየደው። ቱቦው ላይ በየቦታው የብየዳ ጠብታ ሆን ብሎ አስቀርቷል፤ አንድ ጠብታ ደረጃ አለ ማለት ነው፤ ሁለት ጠብታ በር፤ ሦስት ጠብታ ምድጃ፣ ተጠንቀቂ። ጠብታዎቹን እጇን እንዳይቧጥጡ አንድ ባንድ ሞርዷቸዋል። ቱቦው በቀትር እንዳይፈጃት ደግሞ ሙሉውን በጨርቅ ጠመጠመው፤ ጠብታዎቹ ያሉበትን ቦታ ብቻ ክፍት ተወ። ፀሐይ የሚያርፍባቸውን ጠብታዎች በጠዋትና በማታ እንድትነካቸው ነግሯታል፤ በቀትር ግን እሱ ራሱ ክንዷን ይይዝ ነበር።

እናቴ ከፊታችሁ ተቀምጣለች። ዛሬ ወደዚህ ስንመጣ ቀትር ሆኖ ነበር፤ ክንዷን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። «ተይኝ፣ ዐውቀዋለሁ» አለችኝ። ነጠላዋን እጇ ላይ ጠቅልላ ቱቦውን ይዛ ወጣች። በረንዳው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ በጣቷ ሁለቱን ጠብታ ዳሰሰቻቸው፤ ትኩስ ነበሩ። እጇን ሳታነሣ ጥቂት ቆየች። ከዚያ በሩን ራሷ ከፈተችው።

ነፍሱን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። አመሰግናለሁ።